ባለ ዘጠኝ ጭራዋ እንግዳ

«እናቴ ሞታለች። የዚህ ቤት ሰዎች መሞቷን ያውቃሉ። እኔም አውቃለሁ። እነሱ ግን ማወቄን አያውቁም።»

ድምፁ የመጣው ቤቱን ከሚያሞቀው ፈርነስ ጀርባ ሽቅብ ከሚወጣው የቆርቆሮ ቱቦ ውስጥ ነው። ቆንጅት ታች ቤዝመንት ቆማ ከልብስ ማድረቂያው ከድራየሩ ያወጣችውን ልብስ እያጠፈች ነበር፤ ጥንዱ የጠፋባትን አንድ ካልሲ በእጇ እንደያዘች ደርቃ ቀረች። ቅዳሜ ነው፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል። እዚህ ካልጋሪ የኤሪን ውድስ ሰፈር ቤቶች ሲሠሩ ማን ምን እንደቆጠበ አላውቅም፤ የቆንጅት ቤት ቱቦ ግን ሙቀት ከሚያመላልስ ይልቅ ወሬ ማመላለስ ይቀናዋል። ከላይ የልጆቹ መኝታ ክፍል ውስጥ አንድ ሰው ቢያስነጥስ፣ ታች ያለው ሰው ይማርሽ ለማለት ይዳዳዋል። ሰባት ዓመት ሲኖሩበት ባሏ ፀጋዬ አንድ ቀን አሠራዋለሁ እንዳለ ነው።

«ጭራዬን እስካላዩ ድረስ አብሬያቸው እበላለሁ፣ አብሬያቸው እተኛለሁ» ቀጠለ ድምፁ፤ ልጅ ትልቅ አውሬ ለመምሰል ሲሞክር እንደሚያደርገው ጎርነን ብሎ። «ጭራዬን ያዩ ቀን ግን በሩን ይከፍቱልኛል። ውጭ ደግሞ በረዶ ነው።»

የቀበሮዋ መጽሐፍ ነው። ቆንጅት እሱን ለማወቅ ጊዜ አልፈጀባትም። አሥራ ሁለት ዓመት የሞላት ልጇ ሐሴት ካለፈው በጋ ጀምሮ የጃፓን የሥዕል መጽሐፍና የካርቱን ካሴት አሳብዷታል። ከሁሉም አብልጣ የምትወደው ሰው መስላ ሰው ቤት ስለምትገባ መንፈስ ቀበሮ የሚተርከውን ነው፤ መቶ ዓመት በኖረች ቁጥር አንድ ጭራ ትጨምራለች፣ ዘጠኝ ሲሞላላት የሚችላት የለም። ቆንጅት ይህን ስትሰማ አልገረማትም። ማታ ጅብ ሆኖ ሲዞር አድሮ ጠዋት ሰው ሆኖ ስለሚነሳ ሰው እየሰማች ላደገች ሴት፣ ሴት የምትሆን ቀበሮ ምኗ ይገርማል? አሁን ያስደነገጣት ሌላ ነው። ይልቅ የማትክደው ነገር፣ ለአንዲት ቅጽበት ደስ ብሏት ነበር። አማርኛ ሲያወሯት በእንግሊዝኛ የምትመልሰው ልጇ እንዲህ ቀጥ ያለ፣ ያላንዳች ስብራት የሚወርድ አማርኛ ከየት አመጣችው ብላ። ደስታው ግን እስትንፋስ አልቆየም፤ ቃሉ ገባትና ክው አለች።

ምክንያቱም በዚያ ክፍል ውስጥ ከሐሴት ጋር የምትተኛው ናሆሚ ናት፤ የእህቷ የትግስት ልጅ፣ አሥር ዓመቷ፣ ከአዲስ አበባ ከመጣች አራት ወሯ። ትግስት ሆስፒታል ስትገባ «እስክድን ድረስ ያዙልኝ» ብላ ላከቻት። ትግስት አልዳነችም። ከሞተች የፊታችን ማክሰኞ አንድ ወር ይሞላታል፤ ናሆሚ ግን አልተረዳችም። መርዶ እንዲሁ ወጥ ሲቀመስ በመሃል ጣል የሚደረግ ወሬ አይደለም። ሽማግሌ ይሰበሰባል፣ ገና ሳይነጋ ይመጣል፣ ሐዘንተኛውን ቤቱ እንዳለ ያገኘዋል፣ በዘዴ ይነግረዋል፣ ሲወድቅ ይደግፈዋል። እዚህ ካልጋሪ ግን ሽማግሌውም ሺፍት አለው። የመጀመሪያው እሑድ፣ የማኅበረሰቡ ትልቅ ሰው ጋሼ ደርበው ሥራ ገቡ። ሁለተኛው እሑድ ብርዱ ከዜሮ በታች ሠላሳ አራት ገብቶ የማንም መኪና አልነሳ አለ። ሦስተኛው የሰው ሠርግ ነበር። አራተኛው ነገ ነው። ነገ ሊነጋ ሲል አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይመጣሉ። ቆንጅት ሦስት ሳምንት ከምናምን ሙሉ በገዛ ቤቷ ሳታለቅስ፣ ከል ሳትለብስ፣ ፊቷን ታጥባ እየሳቀች ኖራለች። ያለቀሰችው አንድ ቀን ብቻ ነው፤ ስልኩ የመጣ ዕለት እዚሁ ቤዝመንት ወርዳ፣ ማንም እንዳይሰማት ድራየሩን አስነስታ፣ ፎጣ አፏ ላይ ይዛ። ከፈርነሱ ኋላ በላስቲክ የተጠቀለለ ሁለት ጥቁር ልብስ ደብቃለች፣ አንድ ትልቅ አንድ ትንሽ። ያ ሁሉ ልፋት አንድ ቀን ሲቀረው ምስጢሩን አደራ የተባለችው ልጇ በቀበሮ አፍ ዘርግፋው ከሆነስ? ትግስት በመጨረሻው ስልክ፣ ትንፋሽ እያጠራት፣ የለመነቻት አንድ ነገር ብቻ ነበር። «ናሆሚዬ ከሰው አፍ እንዳትሰማ። ካንቺ አፍ ትስማው።» እንደዚያ የለመነች እህት።

ወደ ላይ ስትወጣ ፀጋዬ ኩሽና ውስጥ ስልክ ይዟል። ሌሊቱን ኤርፖርት ታክሲ ሲነዳ አድሮ ዓይኑ በርበሬ መስሏል። «እሺ ጋሼ» ይላል፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ሰው ፊታቸው የቆመ ይመስል ጎንበስ እያለ። «አሥራ አንድ ሰዓት። መኪናችሁን ግን በኋላው መንገድ ፓርክ አድርጉት፣ መብራቱን እንዳታይ። አይ፣ ስንት ሰው እንደምትሆኑ ቢነግሩኝ ይበቃል... ልጅቱማ እኛ ጋር ያለችው ለጊዜው ነው፤ ቪዛዋ እስከ ሴፕቴምበር ነው፤ ከዚያ በኋላ እንግዲህ ሎየሩ የሚለውን እናያለን...» በዚህ መሃል ናሆሚ ሲሪያል የበላችበትን ሳህን ይዛ ገባች። ፀጋዬ ዓይኑን አፍጥጦ «እሺ፣ የስብሰባውን ነገር በኋላ ኮል አደርግልዎታለሁ» ብሎ ዘጋ። ውሸት ሲያወራ ጆሮው ስለሚቀላ ጀርባውን ሰጥቶ ፍሪጁን ከፈተ፤ ምንም ሳያወጣ መልሶ ዘጋው። ናሆሚ ሳህኑን አጠበች፣ በጨርቅ አደረቀች፣ ካቢኔት ውስጥ ቦታው መለሰች፣ ማንኪያውን ለብቻ። ሐሴት ዕድሜ ልኳን ሳህን አጥባ አታውቅም። ይህቺ ልጅ ከመጣች ጀምሮ አንዴ እንኳ የጠየቀችው ነገር የለም፤ አልጋዋን እንዳልተኙበት አድርጋ ታነጥፋለች፣ የመጨረሻዋን ቁራሽ አትነካም። ቆንጅት ይህን ጨዋነት እህቷ ያሳደገቻት አስተዳደግ ነው እያለች ትኮራበት ነበር። እኔን የሚያናድደኝ ይሄ ነው፤ ልጅ እንግዳ ሆኖ ሲኖር እያዩ ጨዋ ነው ብሎ ማድነቅ።

ቆንጅት ሐሴትን ሽንት ቤት ውስጥ ያዘቻት፣ ድምፃቸው እንዳይሰማ ውሃውን ከፍታ።

«ለናሆሚ ነግረሻታል?»

«ምን?»

«ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ።»

«ኖ! ማሚ፣ አይ ስዌር። እኔ ምንም አላልኩም።» ሐሴት የጥርስ ብሩሹን ከአፏ አላወጣችም።

«ቅድም በቱቦው የሰማሁትስ? እናቴ ሞታለች የሚለው?»

ልጅቱ መስታወቱን እንጂ እናቷን አላየችም። «ኢትስ ጀስት ዘ ቡክ። ስለ ፎክሷ ነው። ቡኩ ላይ ነው ያለው።»

«ጃፓንኛ ማንበብ የጀመርሽው መቼ ነው?»

«ፒክቸሩ... ላይክ... ፒክቸሩ ያስታውቃል» አለች ሐሴት፣ ከዚያ ምንም ቢሏት አልናገር አለች። ቆንጅት ልጇን ታውቃታለች፤ ስትዋሽ ብዙ ታወራለች፣ ምስጢር ስትይዝ ደግሞ ዝም ትላለች። አሁን ዝም ማለቷን ግን ንዴቷ ውስጥ ሆና አላስተዋለችውም።

መጽሐፉ ትራስ ሥር ነበር፤ ቀጭን፣ ጠርዙ የተበላ። ቆንጅት ልጆቹ ሲታጠቡ አውጥታ አገላበጠችው። ሽፋኑን ገልጣ የመጀመሪያው ገጽ ላይ፣ ቀበሮዋ ዘጠኝ ጭራዋን ወለሉ ላይ ዘርግታ ሰዎች መሃል ተቀምጣ ትበላለች፤ አጠገቧ ጨርቅ የጠመጠመች አሮጊት አለች። ወደ መሃል ሲሄዱ አሮጊቷ ጠፋች። ከዚያ ቀበሮዋ ጭራዋን ቀሚሷ ሥር እየደበቀች ሰው ትመስላለች። መጨረሻው ገጽ ላይ ብቻዋን በበረዶ ውስጥ ቆማለች፣ ከኋላዋ የድንጋይ በር። በእርግጥ ሥዕሉ ያስታውቃል፤ አሮጊቷ እናቷ ነች፣ ሞታለች፣ ቀበሮዋን ደግሞ አባረሯት። መጽሐፉ ያለው ይህንን ከሆነ ሐሴት ንጹሕ ናት፤ ነገ መርዶው እንደ ወጉ ይነገራል። ካላለ ግን ናሆሚ ሰምታለች ማለት ነው፣ ያውም በጨዋታ። ይህን ሳታውቅ ነገን መጠበቅ አልቻለችም። ሽፋኑ ውስጥ የሱቁ ማኅተም ከነአድራሻው አለ፣ ቻይናታውን፣ በእርሳስ ሁለት ሃምሳ የሚል ዋጋ ተጽፎበታል። ለፀጋዬ «ለነገ የሚያስፈልግ ነገር አለ» አለችውና መጽሐፉን ቦርሳዋ ውስጥ ከትታ ወጣች። ውሸትም አልነበረም።

ትናንት ሃያ ሲቀነስ የነበረው አየር በአንድ ሌሊት ቺኑክ የሚሉት ሞቃት የተራራ ንፋስ ነፍሶበት የዚህን አገር የሰኔ ቀን መስሏል። በስተምዕራብ ደመናው ቀስት ሠርቶ ተንጠልጥሏል፣ ከጣሪያው በረዶው እየቀለጠ ይንጠባጠባል፣ መንገዱ ሁሉ ጭቃ ነው። ለሌላው ሰው ይህ ንፋስ በረከት ነው፣ ጃኬቱን ከፍቶ ይሄዳል፤ ቆንጅትን ግን ግንባሯን ለሁለት ይከፍላታል። አውቶቡስ ይዛ፣ ከዚያ የከተማውን ባቡር ሲትሬንን ይዛ፣ ሰባተኛው አቬኑ ላይ ወረደች። በሥራ ቀን ይህንኑ መንገድ የምታውቀው ሆቴል አንሶላ ለማጠፍ ስትሄድ ነው፤ ቅዳሜ ሲሆን የነዳጅ ኩባንያዎቹ ፎቆች ጭር ብለው ያስፈራሉ። ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አቅፋለች። ባቡሩ ውስጥ አንዲት ሴት ልጇን ፀጉሯን እያበጠረች ስታስቃት አይታ እንባዋ መጣ፣ ዋጠችው። እንባ መዋጥ በዚህ ወር የለመደችው ሥራ ሆኗል።

ሱቁ ከአትክልት መሸጫው በላይ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። ግድግዳው በካሴትና ባረጁ የሥዕል መጻሕፍት ተሞልቷል፤ የሱቁ ባለቤት ሚስስ ኦካዳ የሚባሉ፣ ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ ሴትዮ ናቸው። የተወለዱት እዚሁ አልበርታ፣ ደቡብ ገጠር ነው፤ ጃፓንኛውን ያስተማሯቸው አባታቸው እንደሆኑ ሳይጠየቁ ነገሯት። ቆንጅት መጽሐፉን ባንኮኒው ላይ አስቀመጠች። ከየት እንደምትጀምር ስላላወቀች ከመሃል ጀመረች።

«እናቷ ትሞታለች?»

«የማን እናት?»

«የቀበሮዋ።»

ሴትዮዋ መነጽራቸውን አደረጉ። «ይህቺ ቀበሮ እናት የላትም። ብቻዋን ነው የመጣችው» አሉ፤ ከዚያ ወሬ የሚወዱ ሰው ስለሆኑ ወደ መደርደሪያው እያመለከቱ ማስረዳት ጀመሩ። እዚያ ሁሉ ቀበሮ አለ። አንዷ ወንድ ታታልላለች፣ አንዷ የሩዝ ማሳ ትጠብቃለች፣ አንዷ ልጆችን ታስቃለች፤ ዘንድሮ ደግሞ በቴሌቪዥን ካርቱንም ሠርተውላቸው የፈረንጅ ልጅ ሁሉ እየመጣ ይጠይቃል። ሁሏም ግን የምትፈራው አንድ ነገር ነው፣ ጭራዋ እንዳይታይ። «ሲያዩትስ?» አለች ቆንጅት። «እንደ ደራሲው ነው። ብዙዎቹ ያባርሯታል። ይሄኛው ግን አላባረራትም።» ቆንጅት መጨረሻውን ገጽ ገልጣ በረዶውን አሳየቻቸው፤ ይኸው አባርሯት የለም እንዴ? ሚስስ ኦካዳ ሳቁ፤ ክፉ ሳቅ አይደለም። መጽሐፉን ከእጇ ወስደው ገለበጡትና በጀርባው በኩል ከፈቱት። «ልጄ፣ ይሄ መጀመሪያው ነው። የእኛ መጽሐፍ ከቀኝ ይጀምራል።»

ቆንጅት ወደዚህ አገር ከመምጣቷ በፊት ካርቱም ሦስት ዓመት ተቀምጣለች፤ ከቀኝ የሚጀምር መጽሐፍ በየሱቁ አይታለች፤ ሊገባት ይገባ ነበር። ሴትዮዋ ገጽ በገጽ አሳዩዋት። ቀበሮዋ ከበረዶው ትመጣለች። ሰው ቤት ትገባለች፣ ጭራዋን ደብቃ ሳህን ታጥባለች፣ ቤት ትጠርጋለች፣ ከሁሉ ቀድማ ትነሳለች። መሃል ላይ የቤቱ አሮጊት ከሩቅ አገር ትመለሳለች፤ ጭራውን በመጀመሪያ የምታየው እሷ ናት። ምንም አትናገርም። መርፌና ክር አምጥታ የልጅቱን ቀሚስ ከኋላው ትተረትርና ለጭራው መውጫ ትሰፋለታለች። ከዚያ ሁሉም አንድ ላይ ይበላሉ። «ስለዚህ የሚደብቋት ሞት የለም?» አለች ቆንጅት። «ማንም የሞተ የለም» አሉ ሚስስ ኦካዳ፣ አሁን ፊቷን ትኩር ብለው እያዩ። «የምትደብቀውም እሷ ናት እንጂ እነሱ አይደሉም።»

መጽሐፉ ውስጥ የሞተች እናት ከሌለች፣ ያንን ቃል ያመጣው ሰው አለ ማለት ነው። ቆንጅት በመንገዷ ሁሉ ለልጇ የምትለውን ስትደረድር ነበር። ምን ዓይነት ልጅ ነሽ፣ አንድ ምስጢር አደራ ብልሽ፣ የሰው ሐዘን መጫወቻሽ ነው ወይ፣ ካሴትም መጽሐፍም ከዛሬ ጀምሮ የለም። ከሁሉም የሚያንገበግባት ደግሞ ነገ ጠዋት ናሆሚ በሽማግሌዎቹ ፊት ምን ትሆናለች የሚለው ነው። ደንግጣ ትቀር ይሆን? ወይስ ሰው ሁሉ ዋሽቶኝ ነበር ብላ ፊቷን ታዞር? አንዴ ፊቷን ያዞረች ልጅ በምን ትመለሳለች? እህቴ ምን ትለኛለች ብላ አሰበች፤ እህቷ ከእንግዲህ ምንም እንደማትላት ትዝ ሲላት ደግሞ ሆዷ ባሰው። በዚህ ሁሉ መሃል የአሮጊቷ መርፌ ለምን ከዓይኗ አልጠፋ እንዳለ አላወቀችም።

ቤት ስትደርስ ዘጠኝ ሰዓት ሆኗል። ፀጋዬ ከእንቅልፉ ተነስቶ ወደ ሥራ ሄዷል፤ «ሻይ ጠጥቻለሁ፣ ነገ አራት ደርዘን እንቁላል ይዤ እመጣለሁ» የሚል ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ትቷል። ጭቃ የሆነ ጫማዋን አወለቀችና ንዴቷ እንዳይበርድባት ኮቷን ሳታወልቅ ደረጃውን ወጣች። የልጆቹ በር ገርበብ ብሏል። ያ ጎርናና ድምፅ እያወራ ነው። ቆንጅት እጇን በሩ ላይ አድርጋ ልትገፋው ስትል በክፍተቱ አየችና ቆመች።

ሐሴት አልጋዋ ላይ በደረቷ ተኝታ፣ አገጯን በመዳፏ ይዛ፣ አፏን ከፍታ ታዳምጣለች። የምታወራው ሌላኛዋ ናት። ናሆሚ ወለሉ ላይ፣ የሙቀት ማስወጫዋ አጠገብ፣ ጉልበቷን አቅፋ ተቀምጣለች፤ መጽሐፉ የለም፣ ግን አያስፈልጋትም።

«በዚያን ቀን እመት ቀበሮ ሰማች» ትላለች ናሆሚ በዚያ በወፈረ ድምፅ። «የቤቱ ሴትዮ ከታች ማሽኑን አስነስታ አለቀሰች። ማሽኑ ውስጥ ግን ልብስ አልነበረም፤ ልብስ ሲኖር ቁልፎቹ ቆርቆሮውን ቋ ቋ ያደርጉታል። ሴትዮዋ እህቴን፣ እህቴን ትል ነበር። እመት ቀበሮም አለች፣ የኔ እናት ናት ያቺ። ከዚያ ጭራዋን ጥቅልል አድርጋ ቀሚሷ ውስጥ ከተተችው። ምክንያቱም እዚህ ቤት ያስቀመጧት እናቷ እስክትድን ለጊዜው ነው።»

ቆንጅት የበሩን መቃን ያዘች። የሰማችው አማርኛ የማን እንደሆነ አሁን ገባት። የሐሴት አልነበረም፤ ኧረ ከየት መጥቶ! ቀንም ሆነ ማታ ያ ቱቦ ለእሷ ብቻ የሚሠራ መስሏት ነበር። ድምፅ ወደ ታች ከወረደ ወደ ላይም ይወጣል፤ ይህን ለማወቅ ኢንጂነር መሆን አያስፈልግም። ሦስት ሳምንት ከምናምን ይህቺ ልጅ ብቻዋን ሐዘን ተቀምጣለች፣ ሳህን እያጠበች። በሩ ሲንቀጠቀጥ ሐሴት ቀና አለች።

«ማሚ! አይ ፕሮሚስድ ኸር! ለማንም አልልም ብዬ ፕሮሚስ አድርጌያት ነበር፣ ለዛ ነው...» አለችና ማልቀስ ጀመረች።

ናሆሚ አላለቀሰችም። ብድግ አለች፣ የተጨማደደውን የአልጋ ልብስ በእጇ አቀናች፣ ከዚያ እጆቿን ወደ ኋላ አድርጋ ቆመች።

«እትዬ ቆንጂ፣ ነገ የሚመጡት ሰዎች ሲነግሩኝ ያኔ እንደሰማሁ ሆኜ አለቅሳለሁ» አለች በራሷ ቀጭን ድምፅ። «ማልቀስ እችላለሁ። ማንም አያውቅብኝም። ከዚያ ደግሞ እስከ ሴፕቴምበር ብቻ ነው።»

በሕይወቷ ብዙ አፍራለች ቆንጅት፤ እንደዚያን ሰዓት ግን አፍራ አታውቅም። በባቡር የደረደረችው ቁጣ ሁሉ የት እንደገባ አልታወቀም። ከነኮቷ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። መጽሐፉን ከቦርሳዋ አወጣች። ናሆሚ ስታየው ቀለሟ ተለወጠ። ቆንጅት ገለበጠችውና በጀርባው በኩል ከፈተችው።

«ይሄ መጽሐፍ የሚጀምረው ከዚህ ነው» አለች።

«ከበረዶው?»

«ከበረዶው። በረዶው መጀመሪያው ነው።»

«ኦ ማይ ጋድ» አለች ሐሴት አፍንጫዋን እየጠረገች። «ሙሉውን ባክዋርድ ነው ያነበብነው።»

ናሆሚ ቀስ ብላ መጥታ ተንበረከከች። ቆንጅት ገጹን ትገልጣለች፣ ልጅቱ ታያለች፤ ማንም አይተርክም። ቀበሮዋ ገባች፣ ደበቀች፣ ጠረገች፣ አጠበች። አሮጊቷ ስትመጣ ናሆሚ ጣቷን ሥዕሉ ላይ አደረገች። «አልሞተችም እንዴ እሷ?» «እሷማ ገና መምጣቷ ነው። ጭራውን አየችው፣ ይኸው። ቀሚሷን እየሰፋችላት ነው።» ልጅቱ ያቺን ገጽ ብዙ አየቻት። ከዚያ ጣቷን ሳታነሳ «የኔ እናት ግን ሞታለች» አለች፤ ጥያቄ ይሁን አይሁን አይታወቅም ነበር።

«አዎ ናሆሚዬ» አለች ቆንጅት። «እናትሽ ሞታለች። እህቴ ሞታለች።»

ያን ጊዜ ነው ልጅቱ የጮኸችው። በተረት ድምፅ አይደለም፣ በጨዋ ልጅ ድምፅም አይደለም። ቆንጅት ደረቷ ላይ ይዛት እሷም ጮኸች፤ ሐሴትም ከአልጋዋ ወርዳ ሁለቱንም ከኋላ አቀፈቻቸው፤ ድምፃቸው በቱቦው ወርዶ ባዶውን ቤዝመንት ሞላው። የሚሸፍነው ማሽን አልነበረም። የጎረቤት በር ተከፍቶ ሲዘጋ ተሰማ፤ ይስማ። ብዙ ቆይቶ፣ ድምፃቸው ሲያልቅ፣ ናሆሚ ከኮቱ ውስጥ ሆና «ሴፕቴምበርስ?» አለች።

«ሎየሩ ምን እንደሚል አላውቅም» አለች ቆንጅት። ከእንግዲህ ለዚህች ልጅ መዋሸት አልቻለችም። «ወረቀት እንጠይቃለን፣ እንለምናለን፣ ያስቸግሩን ይሆናል። አንቺን ከዚህ ቤት የሚያወጣ ግን መጀመሪያ እኔን ያውጣ።» ልጅቱ ክብደቷን ለመጀመሪያ ጊዜ ሙሉ በሙሉ ቆንጅት ላይ ጣለችው።

ስልኩ ሲደወል ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ሊሆን ነው። ቆንጅት ከፈርነሱ ኋላ ያለውን ላስቲክ አምጥታ ትልቁን ጥቁር ለብሳዋለች፤ ትንሹ ናሆሚን እግሯ ድረስ ስለወረደባት፣ ልጅቱን ኩሽና ወንበር ላይ አቁማ፣ ስፒል በአፏ ይዛ ጠርዙን ታጥፋለች። ሐሴት ሳይነግሯት ማሰሮውን እያጠበች ነው፤ ወለሉን ሁሉ አርጥባዋለች። ቆንጅት ስፒሉን ከአፏ አወጣችና ስልኩን በትከሻዋ ያዘችው።

«ቆንጅት፣ ለነገ ሁሉ ነገር ተዘጋጅቷል» አሉ ጋሼ ደርበው። «ስድስት ሆነን ነው የምንመጣው። ልጅቱ እንዳትነቃ በሩን ቀስ አድርገሽ...»

«በቀን ኑ፣ ጋሼ» አለች። «ከምሳ በኋላ ኑ። መኪናችሁንም ደጃፋችን ላይ አቁሙት።»

ጋሼ ደርበው ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። «ምን ማለትሽ ነው? መርዶውስ? ማን ይነግራታል ለልጅቱ?»

ናሆሚ ወንበሩ ላይ ቆማ፣ እጆቿን ለመርፌው ከፍ አድርጋ፣ ቁልቁል ታያታለች። ቆንጅት የቀሚሱን ጫፍ አልለቀቀችም።

«እሷ ታውቃለች፣ ጋሼ» አለች። «እኔን ያረዳችኝ እሷ ናት።»